የየኔታ ዘጠኝ ሰዓት

ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው ጠባብ ሱቄ ኮምፒውተር ለማስጠገን የመጣ ሰው አንድ ነገሬ ሳያስገርመው አይቀርም። ዊንዶውስ እንድጭንለት የሰጠኝን ላፕቶፕ ከመንካቴ በፊት ደብተር አወጣና እጽፋለሁ። ድራይቮቹ ስንት እንደሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በምን ፊደል እንደሚጠሩ፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ አንድ በአንድ እመዘግባለሁ። ጎረቤቶቼ «አንቺ ደግሞ ኮምፒውተር ትጠግኛለሽ ወይስ ክርስትና ታነሻለሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ደብተሩን ያስያዘኝን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ያኔ ሱቁን ከከፈትኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እጄ ፈጣን ነበር፤ አፌ ደግሞ ከእጄም ይፈጥናል። ሌላው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሥራ እኔ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ እያልኩ እኩራራ ነበር። ያሳደጉኝ አያቴ ቄስ ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ቢመክሩኝም አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። ከእሳቸው የወረስኩት ሌላ ነገር ነው። እውነት እውነት ነው፣ ጾምም ጾም ነው ብዬ ድርቅ ማለትን ወርሻለሁ። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ በኋላ እንዳትፈርዱብኝ አይደለም፤ ፍረዱ። ብቻ ከየት እንደመጣ እወቁልኝ።

በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ሴት ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ ወደ ሱቄ ገባች። ስሟ ትርንጎ ነው፤ የመጣችው ከአምባ ጊዮርጊስ ነበር። ላፕቶፑ የታናሽ ወንድሟ የሀብቱ ነው። ሀብቱ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር፤ ከስምንት ወር በፊት ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞቷል። አሁን ደግሞ ማሽኑ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልነሳም ብሏቸዋል።

«ውስጡ ያለውን አንድም እንዳትነኪብን» አለችኝ። «እንደ ነበር መልሽልን። ሌላ አንጠይቅሽም።»

ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት እንደ ነበር ይመለሳል አልኳት።

ሥራውን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። የኮምፒውተር ማስቀመጫ እንደ ቤት በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ ለየክፍሉም እንደ ቤት ቁጥር አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጠዋል። ዊንዶውሱ ብዙ ጊዜ «ሲ» ላይ ይቀመጣል፣ የባለቤቱ ፋይል ደግሞ «ዲ» ላይ። የተበላሸው «ሲ» ስለነበር እሱን ጠርጌ አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩበት። «ዲ»ን አልነካሁም። ነገር ግን የምጭንበት ፍላሽ እንደተሰካ ስለነበር አዲሱ ዊንዶውስ «ዲ» የሚለውን ፊደል ለፍላሹ ሰጠና የሀብቱን ክፍል «ኢ» ብሎ ጠራው። ፍላሹን ስነቅለው «ዲ» የሚባል ከማሽኑ ላይ ጠፋ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ፋይሉ እንዳለ አለ፣ ፊደሉ ምን ያደርጋል ብዬ አለፍኩት።

ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ላፕቶፑ ሲበራ አብራ የምትነሳ ትንሽ የማንቂያ ፕሮግራም ነበረች፤ እሷ እንዳትቀር። ከሀብቱ ክፍል ፈልጌ አገኘኋት፤ ወደ «ሲ» ገልብጬ ከማሽኑ ጋር እንድትነሳ አደረግኋትና ስትከፈት ለትርንጎ አሳየኋት። ትርንጎ «ሸጋ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላኝ ሄደች። ፕሮግራሟ መከፈቷን እንጂ ሰዓቷ ሲደርስ መጥራቷን አላየሁም።

ረቡዕ ጧት ሦስት ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ነበረች። እንዴት አደርሽም አላለችኝም።

«ምነው እህቴ? ወንድሜን ዳግመኛ ገደልሽብኝ?»

የምትለው አልገባኝም። እያለቀሰች ነገሩን ከሥሩ ነገረችኝ።

አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ጎንደር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲጠፋ ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተመለሱ። ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ አይጹሙ ብሏቸዋል፤ የንስሐ አባታቸውም ፈቅደውላቸዋል። እሳቸው ግን ስንቱን ተማሪ ሳስጾም ኖሬ ዛሬ ራሴ ልግደፍ ብለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምሱም። ቤተሰቡ ደግሞ እንደ ማንኛውም የሚወድ ቤተሰብ መዋሸት ጀመረ። አንድ ቀን ትርንጎ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ «አባባ፣ ዘጠኝ ሞላ» አለቻቸው። አምነው ጉርሻ እንዳነሱ፣ ከጧቱ ፈረቃ የተለቀቁ ተማሪዎች በበራቸው እየተንጫጩ አለፉ። የኔታ ጉርሻቸውን ወደ ትሪው መለሱት። ከዚያ ወዲያ ሰዓትን በተመለከተ ከቤቱ ሰው አንዱንም አያምኑም።

መላ ያመጣው ሀብቱ ነበር። ማሽን አይዋሽም፣ ሰውም አሳዝኖት አያውቅም ብሎ አባቱን አሳመናቸው። በገዛ ድምፁ ሦስት ነገር ቀዳ። አንዱ ለንጋት፣ አንዱ ለዘጠኝ ሰዓት፣ አንዱ ለምሽት ነው። ላፕቶፑን ከመደባቸው አጠገብ አስቀመጠላቸው። የኔታ የልጃቸው ድምፅ ሲጠራ ይበሉ ጀመር። ሀብቱ ከሞተ በኋላም ድምፁ ጾም ሆነ ፍስክ በየቀኑ ይጠራል፤ እሳቸውም ይበላሉ።

ላፕቶፑ ከሱቄ ከተመለሰ ወዲህ ድምፁ የለም። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ስለማይጾም ጭንቅ አልነበረም፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ትርንጎ ብትምል ብትገዘትም አላመኗትም። ሰኞም ማክሰኞም እህል የቀመሱት ከብቶች ሲገቡ ነው፤ የከብት መግባትን ማንም ሊያስመስል አይችልማ። ማክሰኞ ከመደባቸው ወድቀው ተገኝተዋል። ዛሬም ጧት የስኳር ኪኒናቸውን ውጠው በባዶ ሆዳቸው ተቀምጠዋል።

በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። የምትጫነውን ብነግራት ግራ ገባት፤ ፎቶ ላኪልኝ ብላት ኢንተርኔቱ እምቢ አለ። ሱቄን ዘግቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ እስከ አምስት ተኩል ቆመ። ሽማግሌውን ሾፌር «አያ፣ የታመመ ሰው አለብኝ» ብላቸው «ሁሉም የታመመ አለበት ልጄ» ብለው መሪያቸው ላይ ተደገፉ። መንገድ ላይ ፍተሻ ሁለት ጊዜ አስወረደን። ወገራ ላይ ስንወጣ ንፋሱ መስኮቱን ያንኳኳል፣ የታጨደው የገብስ ማሳ ደርቆ ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ ሰዓቴን ደጋግሜ እያየሁ ሰውዬው ቢሞቱስ እያልኩ እጨነቃለሁ። ከየኔታ ቤት ስደርስ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

የኔታ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ነጭ ነው። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ አርፋለች። መቁጠሪያ የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የመጣሁት ማሽኑን ልጠግን መሆኑን ትርንጎ ስትነግራቸው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። «ልጄን ፈልጊልኝ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩና ፕሮግራሟን አየኋት። ሦስት ማንቂያ፣ ሦስት ቀይ ምልክት። ፋይሉ አልተገኘም ትላለች። ድምፆቹን የምትፈልገው «ዲ» ላይ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር የማንም ያልሆነ በር እያንኳኳች፣ መልስ ስታጣ ዝም ብላ ተመልሳለች። ልጁ በሌላ ፊደል ተሰይሞ እዚያው አጠገቧ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ምን ያደርጋል ብዬ የናቅሁት ያ ፊደል ነው።

ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ድራይቮቹ የሚታዩበትን ገጽ ከፍቼ «ኢ»ን ወደ «ዲ» ለወጥኩት። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ሦስቱም ቀይ ምልክቶች ጠፉ። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል ዓይኔ ሰዓቶቹ ላይ አረፈ።

የንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሞልቷል። የምሽቱም አሥራ ሁለት ላይ። መካከለኛው፣ በአማርኛ «ዘጠኝ ሰዓት» ተብሎ የተጻፈበት፣ የተሞላው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

በመጀመሪያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ደነገጥኩ። የማሽኑን ሰዓት ከስልኬ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። ማንቂያዎቹ የተሞሉበት ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበትን ቀን አየሁ፤ ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም፣ ሀብቱ በሕይወት ሳለ ነው። ማሽን አይዋሽም ብሎ አባቱን ያሳመነው ልጅ፣ ማሽኑን መዋሸት ያስተማረው ራሱ ኖሯል።

ትርንጎን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷን ሳይ እንደምታውቅ ገባኝ። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የዛሬው ሰዓት አልፏል፤ አሁኑኑ አስጠሪልኝ አለችኝ።

እጄን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። ግን መጫን አቃተኝ። አያቴ ፊቴ ላይ የቆሙ መሰለኝ። በሕይወት ያለ ሰው አባቱን ቢያታልል የሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን በማላውቃቸው መነኩሴ መሳይ ሽማግሌ ላይ የሞተ ሰው ውሸት በእጄ ላስነሳ? የአንድ ካህን ጾም ላስፈታ? አልችልም አልኳት። መካከለኛውን ማንቂያ እውነተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞላሁት። የቀረው አንድ ሰዓት ከጥቂት ነው፣ ይታገሳሉ አልኳት። ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ሰዓት አላየሁም። የኔታ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር፣ ለራሳቸው፣ በቀስታ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ግንባራቸው በብርዱ ላብ አወጣ። ስምንት ተኩል ላይ የሚያዜሙትን አቋርጠው ከመነሻው ጀመሩ። እዚያው ቦታ ሲደርሱ እንደገና አቋረጡ። ሦስተኛም ደገሙት። ዜማ ሲያቀኑ የኖሩ መምህር መንገዱ ጠፋቸው። ትርንጎ ተነስታ በማር የተበጠበጠ በሶ በጣሳ ይዛ መጣች፤ ወደ አፋቸው ስታስጠጋው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ቀስ ብለው ወደ ጎን ማዘንበል ሲጀምሩ ትከሻቸውን ደግፋ ያዘች፤ ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ይህን ስጽፍ እንኳ የማፍርበት ነገር ነው፤ ሰው እየሞተ ሳይ ደቂቃ እቆጥር ነበር።

ዘጠኝ ሞላ። ከላፕቶፑ መጀመሪያ የወንበር መንሸራተት ተሰማ። ከዚያ ከሩቅ የዶሮ ጩኸት፤ የዚያ፣ ድምፁ የተቀዳበት ቀን ዶሮ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። እንግዲህ ይቅመሱ።»

የኔታ ጭንቅላታቸውን ከትርንጎ ትከሻ ላይ አነሱ። ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው፣ ደጅ ቆይቶ የገባ ልጅ እንደሚጠየቅ፣ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«ዛሬስ ምነው ዘገየህ?»

ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና በሶውን ጠጡ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ደማቸው ወደ ፊታቸው ተመለሰ። ትርንጎን ለእንግዳ የሚቀመስ ነገር እንድታመጣ ላኳትና ብቻችንን ስንቀር በእጃቸው ጠሩኝ። ከመደቡ ሥር ተቀመጥኩ።

«ሰዓቱን የለወጥሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

አዎን አልኳቸው። መዋሸት አልቻልኩም፤ ጉድ እኮ ነው፣ ያን ቀን መዋሸት የማልችል እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እሱ ሲጠራኝ ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ናት። ዛሬ ትታኝ ሄዳ ነው የጠራኝ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይዋ ከመደቡ ላይ ወርዳ ከወዲያኛው ግድግዳ ደርሳለች።

«ያውቁ ኖሯል የኔታ?»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳቃና ነው የኖርኩ። ሀብቱ ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው። ዘጠኝ ሲል አልሰማሽውም?»

ሰምቼው ነበር። እውነትም ቀጥኖ ነበር።

ታዲያ እያወቁ ለምን ይበሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ልጃቸው በሕይወት ሳለ ሊያሳፍሩት እንዳልፈለጉ ነገሩኝ። ማታ ማታ፣ ለዚያች ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ለራሳቸውም ለሱም አርባ አንድ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ያደርሱ ነበር። የንስሐ አባታቸውም ያውቃሉ። ከሞተ ወዲህ ደግሞ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት መቁጠሪያቸውን መቁጠር ያዙ።

ትርንጎም የዋሸችው ወዳቸው መሆኑን፣ እሷ ስትጠራቸው ቢበሉ ኖሮ እንዲህ እንደማይሆኑ ነገርኳቸው። ቆጣ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም። የኔታ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«በሷ ጥሪ ከበላሁ» አሉ፣ «እሱ ምን ሊል ይመጣል?»

እንባዬ መጣ፤ አለማየታቸው በጀኝ።

«እንደ ነበር መልሽልኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ዕለት ትርንጎ ስትለኝ ቀና ብዬ ሳላያት የሰማሁት ቃል ነው። አሁን ተነስቼ ማንቂያውን ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል መለስኩት። ከዚያም የምሽቱ እስኪጠራ ድረስ አልሄድኩም፤ ሲጠራ ሳልሰማ ላምን አልቻልኩም።

ወዳጆቼ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ደብተር እይዛለሁ ብያችኋለሁ፤ ግን ደብተሩ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ያቺ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ናት። እውነተኛ ነኝ ብዬ ሰው ልገድል ነበር። የኔታ ውሸቱን በጸሎት ይከፍሉለት የነበረውን ልጅ፣ እኔ ከላይ መጥቼ ላርመው ተነሳሁ። እስከ ዛሬ አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ያ የተሳሳተ ዜማ ይመጣብኛል፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ከመነሻው ይጀምራል። እናንተም ቤት ያለቀለት የመሰላችሁ የሰው ስልክ፣ የሰው ላፕቶፕ ይኖር ይሆናል። ከመጥረጋችሁ በፊት ማን እንደሚጠብቀው ጠይቁ። ከማረማችሁ በፊትም እንደዚያው።

የኔታ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ አረፉ። ተዝካራቸው ካለፈ በኋላ ትርንጎ ያንኑ ላፕቶፕ በዚያው ዓይነት ነጠላ ጠቅልላ ሱቄ መጣች። ልጇ ለትምህርቷ ልትጠቀምበት ነው። ድምፁ ግን አሁንም በየቀኑ ባዶውን መደብ ይጠራል። ማሽኑን ዘግተው ቢከርሙም፣ ልጅቱ በከፈተችው ቀን ይጠራል። ሲጠራ ትርንጎ የጣደችውን ድስት ትታ ደጅ ትወጣለች፤ መስማት አልቻለችም።

ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ራሷን ነቀነቀች።

«አታጥፊው። ይኑር» አለችኝ። «ግን አይጥራ።»

ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ። «ዲ»፣ ሦስት ድምፅ፣ የሀብቱ። ከዚያ ድራይቮቹ የሚታዩበትን ገጽ ከፍቼ «ዲ» የሚለውን ፊደል አነሳሁት። ሌላ አልሰጠሁትም። ፊደል የሌለው ክፍል አይጠፋም፤ ውስጡ ያለው ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል፣ ማንም ግን አያገኘውም። ይህን ለትርንጎ ሳስረዳት እንደገባት በራሷ አሳየችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ለሰባት ተኩል ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ልሂድ አላለችም፤ እኔም ሂጂ አላልኳት። ላፕቶፑን ከፊታችን ክፍቱን አስቀምጠን ሁለታችንም ጎን ለጎን ቁጭ አልን። ሰባት ተኩል ሆነ። የወንበሩ መንሸራተት አልመጣም፣ ዶሮዋም አልጮኸችም። ትርንጎ ትንሽ ቆይታ ላፕቶፑን ከደነችው፤ ነጠላዋን አልብሳው ወጣች።